እምቦጭ ከተነቀለ በኋላ፦ የጣናን ዳርቻ ለባለቤቶቹ መመለስ

ለጉባኤያትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ የቡድን ጥናት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት በጉባኤ፣ በወጣቶችና በሴቶች ማኅበር፣ እንዲሁም በፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነብቦ ውይይት እንዲደረግበት የተዘጋጀ ነው። ረዘም ቢልባችሁ ለሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ልታጠኑት ትችላላችሁ። ርእሳችን የጣና ሐይቅ ዳርቻና ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ዳር ነው።

ስለ እምቦጭ ብዙ ተነግሯል። ብዙዎችም በጉልበታቸው ወይም በገንዘባቸው በነቀላው ተካፍለዋል። ይሁን እንጂ ከዘመቻው በኋላ ቦታው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ትምህርት ዋና አሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ነቀላ የሥራው መጀመሪያ ነው። አረሙ የለቀቀውን ቦታ አገር በቀል ዕፅዋት ካልያዙት፣ አረሙን የሚመግበው አፈርና ፍሳሽም ካልተገታ፣ አረሙ ራሱ ተመልሶ ይይዘዋል፤ የሰው ድካምም ከንቱ ይቀራል።

ጥናቱን ስትጨርሱ ሦስት ነገሮችን ለሌላ ሰው ማስረዳት ትችላላችሁ፦
1ኛ/ እምቦጭ እንዴት እንደሚኖርና እንደሚራባ፤
2ኛ/ እምቦጭ ሲስፋፋ ቦታቸውን የሚያጡት እነማን እንደሆኑ፤
3ኛ/ አረሙ ከተነቀለ በኋላ ምን መሠራት እንዳለበት።

ማስታወሻ፦ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ሐይቁና ዳርቻው

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱም እንደዚያው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዳር ዳሩማ ሰው በእግሩ የሚገባበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋና ዋናዎቹ ገባር ወንዞች ሲሆኑ፣ ዓባይ ደግሞ ባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ከሐይቁ ይወጣል። ዩኔስኮ በ2015 የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

የሐይቁ ውኃ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ክረምቱ ሲያልፍ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ በበጋው ወራት ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል። ውኃው የለቀቀውን መሬት ገበሬዎች «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። በደለል የዳበረ ስለሆነ በዚያ ላይ ይዘራሉ፤ ከብቶቻቸውንም ያሰማራሉ። የፎገራ ከብት የታወቀው በዚህ ሜዳ ነው፤ የፎገራ ሩዝም የሚበቅለው በዚሁ ውኃ በሚተኛበት ምድር ነው።

በውኃውና በምድሩ መካከል ያለውን ጠርዝ ከጥንት ጀምሮ የያዙት ደንገል፣ ፊላና ልዩ ልዩ የረግረግ ሣሮች ናቸው። ወንዞቹ ዳር ደግሞ እንደ ዶቅማ፣ ሾላና ዋርካ ያሉ ዛፎች ይቆማሉ። ይህ ጠርዝ ለብዙ ሰው ባዶ መሬት መስሎ ይታያል፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። ከላይ ታጥቦ የሚመጣውን አፈር ያጠራል። ማዕበሉ ዳርቻውን እንዳይበላው ይከላከላል። ለዓሣ ጫጩቶች መደበቂያ፣ ለወፎች ጎጆ መሥሪያ፣ ለጉማሬ ግጦሽ ይሆናል። ለሰውም እንጀራ ነው። በባሕር ዳርና በአካባቢው የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳቸውን የሚሠሩት ከደረቀ ደንገል ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ በየጊዜው አዲስ መሥራት ግድ ይላል። ስለዚህ ደንገሉ ሲጠፋ ዕደ ጥበቡም አብሮ ይጠፋል።

2. እምቦጭ ምንድን ነው?

እምቦጭ ተወላጅነቱ በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞን ወንዝ ተፋሰስ ነው። ለአበባው ውበት ሲባል ሰዎች ከአገር ወደ አገር ይዘውት ዞሩ፤ በሄደበት ሁሉ ግን ከኩሬው ወጥቶ ወንዝና ሐይቅ ወረሰ። በትውልድ አገሩ የሚበሉት ነፍሳትና የሚያጠቁት በሽታዎች አሉ፤ በሰው አገር ጠላቶቹ አብረውት ስላልመጡ ልጓም የለውም።

ወደ አገራችን መግባቱ የተመዘገበው በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው። በጣና ላይ የታየው በ2011 ሲሆን፣ ቦታውም የሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ፣ መገጭ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ዳርቻ ተስፋፋ።

የአረሙን ጉልበት ለመረዳት ሁለቱን የመራቢያ መንገዶቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በቅርንጫፍ ነው። እናት ተክሏ በውኃው ላይ ጎን ለጎን ቅጥያ ትዘረጋለች፤ በቅጥያው ጫፍ ልጅ ተክል ይበቅላል፤ ልጁም ሲጠነክር ተለይቶ የራሱን ቅጥያ ይዘረጋል። ሙቀትና ምግብ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ይህን በሒሳብ እንመልከተው። ከነቀላ በኋላ በአንድ ጥግ 10 እግር እምቦጭ ተረስቶ ቀረ እንበል። በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆን፣ በ12ኛው ሳምንት 640 ይሆናል፤ በ24ኛው ሳምንት 40,960 ይደርሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው አነጋገር ለእምቦጭ ይሠራል ማለት ነው።

ሁለተኛው በዘር ነው። ሐምራዊው አበባ ከጠወለገ በኋላ አገዳው ወደ ውኃው ይጎነበስና ዘሩን ይጥላል። ዘሩ ከሥር ባለው ጭቃ ውስጥ ገብቶ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ውኃው ሸሽቶ ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል። እንግዲህ የባሕር ሸሹን ነገር አስታውሱ፦ ገበሬው የሚዘራበት እርጥብ ጭቃ ለእምቦጭ ዘርም የተመቸ መደብ ነው። በዚህም ምክንያት ፍጹም የጸዳ የመሰለ ዳርቻ በሚቀጥለው ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ የነቃዮቹ ስንፍና አይደለም፤ ዘሩ ቀድሞ በጭቃው ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ነው።

3. ቦታቸውን የሚያጡት እነማን ናቸው?

እምቦጭ ውኃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ብርሃን ወደ ታች አይገባም። በውኃ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዕፅዋት ይደክማሉ፤ የሞተው ቅጠልም ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ውኃ ለብዙ ዓሦች መታፈኛ ይሆናል።

በተለይ አንድ የዓሣ ወገን ልብ ልንል ይገባል። በጣና ውስጥ ባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን፣ በዓለም በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ በርካታዎቹ ክረምት ሲበረታ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። የሚፈለፈሉት ጫጩቶችም በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። እንግዲህ የወንዙ አፍ ለእነርሱ በር ነው። በሩ በአረም ምንጣፍ ሲደፈን፣ የወንዙም ጠጠር በደለል ሲሸፈን፣ ዓሣው መውለጃ ያጣል። በአንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ ፍጥረት ደግሞ ከዚያ ቦታ ከጠፋ ከሌላ አገር ሊመጣ አይችልም።

ወፎቹም እንዲሁ ናቸው። በራሷ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት፣ እግረ ረጅሟ ጥቁር ወፍ በጣና ረግረጎች ትኖራለች። ቁጥሯ በአፍሪካ እየቀነሰ ስለ መጣ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለጥፋት ከተጋለጡት ወፎች ጋር ተመድባለች። ጎጆዋን የምትሠራው ሣርና ደንገል ባለበት፣ ውኃው ስስ በሆነበት ሥፍራ ነው። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዘመዶቿም በበጋው ወራት በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ይሰፍራሉ። እምቦጭ የተከመረበት ዳርቻ ለእነዚህ ሁሉ መቆሚያ አይሆንም።

የሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም። ታንኳ ምንጣፉን ሰንጥቆ ማለፍ ያቅተዋል፤ መረብ ይጠመዳል፤ ከብት ውኃ መጠጫ ያጣል፤ በባሕር ሸሹ ላይ የተከመረውን አረም ሳያነሣ ገበሬው ማረስ አይችልም። በምንጣፉ ውስጥ የወባ ትንኝና የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ይጠለላሉ።

4. ጥፋቱን ሁሉ በእምቦጭ ላይ እናሳብብን?

ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንጨምር። ዳርቻው የተጎዳው እምቦጭ ከመምጣቱም በፊት ነው። አረም የሚበረታው የተዳከመ ቦታ ሲያገኝ ነው።

ከደጋው በጎርፍ የሚወርደው አፈር ከነማዳበሪያው ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ከከተሞች የሚወጣው ፍሳሽም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ለእምቦጭ ምግቡ ነው። ለምሳሌ ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ ያለውን የእንፍራንዝን ወንዝ እንውሰድ። ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚሰጡ ምንጮች በዚያ አካባቢ አሉ፤ ረግረጉም የታወቀ የወፎች ማደሪያ ነው። ነገር ግን የወንዙ ዳር ለጫትና ለባሕር ዛፍ እየተሰጠ፣ ረግረጉም እየታረሰ ጠብቧል። ደንገሉ ከተመነጠረበት ወንዝ አፈሩን የሚያጠራ ማጥለያ የለም።

ስለ ዓሣውም የምንማረው አለ። በ1986 በልማት ፕሮግራም አማካይነት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። ከዚያ በፊት ዓሣ የሚጠመደው በዳርቻው አጠገብ፣ በደንገል ታንኳ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ለብዙ ቤተ ሰብ ገቢ አስገኘ፤ ለከተማውም ገበያ ዓሣ አቀረበ። ነገር ግን መረቡ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣውን ዓሣ በወንዞቹ አፍ ላይ ጠበቀው። በ1990ዎቹ ጥናት ያደረጉ ሊቃውንት የባርበስ ቁጥር እጅግ እንደ ቀነሰ መዝግበዋል። በእርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ከዚህ የምንማረው፣ በቅን ልብ የተሰጠ ስጦታም ቢሆን የፍጥረቱን ጊዜና መንገድ ካላወቀ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። የእምቦጩም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። ገንዘብና መሣሪያ ከመላካችን በፊት ዳርቻውን ማወቅ ይገባናል።

5. እስካሁን የተደረገው ምን ያስተምረናል?

እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ጊዜ ጀምሮ የዳርቻው ገበሬዎች በየዓመቱ ውኃ ውስጥ ገብተው ነቅለዋል። አብዛኛው ይህ ሥራ ደመወዝ የሌለው ነው። በኦክቶበር 2020 (በጥቅምት 2013 ዓ.ም.) የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሕዝቡ በብዛት ወጥቷል። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን እንዲገዛ ረድተዋል። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ምርምር አድርገዋል።

ማሽን ጥልቅ ውኃ ባለበት ብዙ ሰው የሚሠራውን ይሠራል። ነገር ግን እምቦጭ የሚበዛው ዳርቻው ላይ ነው፤ በዚያም ውኃው ስስ፣ መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ማሽኑ ሊቀርብ አይችልም፤ ያጨደውንም ማራገፊያ ያጣል። ስለዚህ የሰው እጅ የግድ አስፈላጊ ሆኖ ይቀራል። የሰው እጅ ደግሞ ውድ ነገር ነው። አረሙ ከክረምት በኋላ የሚበረታው ገበሬው የራሱ አዝመራ በሚያጣድፈው ወራት ነው። አንድ ቀን ለሐይቁ ሲሰጥ ከቤተ ሰቡ እህል ላይ ቀንሶ ነው። ይህን ድካም የሚያባክን አሠራር ግፍ ነው ብንል አላጋነንም።

ከጎረቤት አገሮችም ትምህርት እናገኛለን። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1998 እምቦጭ ከ17,000 ሄክታር በላይ ሸፍኖ ነበር። ኡጋንዳና ኬንያ ከ1995 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት የነቀዝ ወገን የሆኑ ሁለት ዓይነት ጥንዚዛዎችን ለቀቁ። እነዚህ ጥንዚዛዎች ከእምቦጭ በቀር ሌላ ተክል አይበሉም ለማለት ይቻላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የአየሩም ጠባይ አግዞ፣ አረሙ በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም በ2006 መጨረሻ ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ ወንዞቹ ብዙ አፈር ወደ ሐይቁ ሲያመጡ፣ በኬንያ በኩል ባለው የዊናም ሰርጥ እምቦጭ እንደገና ተስፋፋ። በአገራችንም በእነዚህ ጥንዚዛዎች ላይ ምርምር ተደርጓል። የቪክቶሪያ ትምህርት ግልጽ ነው፦ ነፍሳቱ ቢረዱም፣ ማሽኑም ቢረዳ፣ ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ አረሙ ይመለሳል።

6. ሥራው በተግባር

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ነጥቦች በጣና ዳርቻና በገባር ወንዞች ዳር ለሚሠሩ ቡድኖች የተሰጡ ናቸው። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ከቀበሌው አስተዳደርና ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር ተመካከሩ።

ሀ/ መጀመሪያ ቃኙ። ከምታጸዱት በላይ ሥፍራ አትያዙ። ጥቂት ቦታ ወስዶ ለዓመታት መጠበቅ፣ ሰፊ ቦታ በአንድ ቀን ነቅሎ ከመተው ይሻላል። ገና ጥቂት እግር ብቻ የታየበት ሥፍራ ቅድሚያ ይሰጠው። ባሕር ዳርና የዓባይ መውጫ በተለይ ነቅተው ሊጠበቁ ይገባል፤ በዚያ የሚያልፍ አረም ወንዙን ተከትሎ ይወርዳልና።

ለ/ ከአበባ በፊት ንቀሉ። አበባ የያዘ ተክል ዘሩን ከመጣሉ በፊት ካልደረሳችሁበት፣ የዛሬው ነቀላችሁ የነገውን ዘር አያስቀርም።

ሐ/ ከነሥሩ አውጡ፤ አትቆራርጡ። የተቆረጠ ቅጥያ ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ይበቅላል። በምትሠሩበት ሥፍራ ዙሪያ ተንሳፋፊ ገመድ ዘርጉ፤ ያመለጠውን ቁራጭ ይይዝላችኋል።

መ/ ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋር አትንቀሉ። የወንጌሉ የእንክርዳድ ምሳሌ እዚህ ላይ ትዝ ይለናል። በእምቦጩ መካከል የቆመው ደንገልና ፊላ መተው አለበት። በችኮላ ሁሉን አጭዶ «ጸዳ» ማለት የዳርቻውን ባለቤቶች ከጠላታቸው ጋር ማስወጣት ነው። ወጣቶች ሥራ ሳይጀምሩ ዕፅዋቱን ለይተው እንዲያውቁ አስተምሩ። የወፍ ጎጆ ያለበትን ሥፍራ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ እለፉት።

ሠ/ የተነቀለውን ከውኃ አርቁ። ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በውኃው ዳር የተከመረ እምቦጭ ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይንሳፈፋል። የጎርፉ ከፍተኛ ምልክት ከሚደርስበት በላይ ወስዳችሁ አስጡት። ከክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ፣ 100 ኪሎ እርጥብ እምቦጭ ሲደርቅ 5 ኪሎ ያህል ይሆናል። ከአበባ በፊት የተነቀለውን ለብስባሽ ማዳበሪያ ልታውሉት ትችላላችሁ፤ ዘር የያዘውን ግን አድርቃችሁ አቃጥሉት። ከእምቦጭ ቅርጫትና ጋዝ መሥራት ይቻላል የሚሉም አሉ፤ ይቻላል፤ ነገር ግን ገቢው አረሙን ለማቆየት ምክንያት እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ረ/ ወዲያው መልሳችሁ ትከሉ። በጸዳው ጠርዝ ላይ ከአቅራቢያው ረግረግ የመጣ የደንገል ሥር ከነቡቃያው እርጥብ ጭቃ ውስጥ ይተከል። ከጠርዙ ከፍ ብሎ አገር በቀል ሣር፣ በወንዝ ዳር ደግሞ ዶቅማና ሾላ ይተከሉ። ባሕር ዛፍ በወንዝ ዳርና በረግረግ አትትከሉ። ችግኙ እስኪጠነክር ድረስ ከብት እንዳይገባ ማኅበረ ሰቡ በራሱ ደንብ ይወስን። ደንገሉ ሲበዛ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ሊያጭድ እንደሚችል ከታንኳ ሠሪዎች ጋር ተስማሙ። ከደንገሉ የሚጠቀም ሰው ከማንም የተሻለ ጠባቂ ነው።

ሰ/ ወደ ላይ ተመልከቱ። በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ተፋሰስ እርከን የሚሠራው ገበሬ ሐይቁን አይቶት ባያውቅም የሐይቁ ጠባቂ ነው። የከተማ ጉባኤዎችም ፍሳሽና ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድ ሊጠይቁ ይገባል።

ሸ/ በየወሩ ተመለሱ። ዘሩ ለብዙ ዓመታት በጭቃው ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከመጀመሪያው ነቀላ በኋላ ጥቂት ሰዎች በተራ እየዞሩ አዲስ የበቀለውን ያንሡ። አሥር እግር የሚያነሣ አንድ ጠባቂ በኋላ ሺህ ሰው ከመጥራት ያድናል።

ጥንቃቄ፦ ያለ ጎማ ቦት ጫማና ያለ ጓንት ማንም ውኃ ውስጥ አይግባ። ቢልሃርዚያ፣ አልቅትና እባብ አሉ። ጉማሬ በሚታይበት ሥፍራ ሥራ አይጀመር። ሕፃናት ተሸክመው በማውጣት ሥራ አይሰማሩ። መድኃኒት መርጨት በራሳችሁ ፈቃድ አይሞከር፤ ሰው የሚጠጣው፣ ዓሣም የሚኖርበት ውኃ ነውና።

7. ለደጋፊዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ለነቀላ ዘመቻ ገንዘብ ማሰባሰብ ቀላል ነው። የተነቀለው ክምር በዓይን ይታያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ፎቶግራፍ የለውም። በየወሩ ዳርቻውን የሚዞር ሰው፣ የደንገል ሥር የሚተክሉ ሴቶች፣ ከብት እንዳይገባ የሚጠብቅ እረኛ ለዘገባ አይማርኩም። ሆኖም የዘመቻውን ፍሬ የሚያጸናው ይህ ነው። ስለዚህ በጀት ስታወጡ ለነቀላው ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ቢያንስ ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ክትትል ጭምር አስቡ። በዘገባችሁም «ስንት ሄክታር ተነቀለ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ባለፈው ዓመት ከተነቀለው ዛሬ ምን ያህሉ ጸድቶ ይገኛል? ደንገልስ ምን ያህሉን ያዘ?» የሚለውን ጨምሩ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. እምቦጭ የሚራባባቸው ሁለት መንገዶች የትኞቹ ናቸው? የሐይቁ መሙላትና መሸሽ ለየትኛው ያግዛል?
2. የባርበስ ዓሣ ወደ ወንዝ የሚወጣው በየትኛው ወቅት ነው? በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ ባይጣል ዓሣ አጥማጁ ቤተ ሰብ ምን ይበላል? ለዚህ ምን መፍትሔ ይታያችኋል?
3. በአካባቢያችሁ ወንዝ ወይም ምንጭ ዳር ከ20 ዓመት በፊት የነበሩ፣ ዛሬ ግን የጠፉ ዕፅዋትና ወፎች የትኞቹ ናቸው? አረጋውያንን ጠይቁ።
4. በ1986 ከገባው መረብ ታሪክ ለእኛ ፕሮጀክት የሚሆን ምን ትምህርት አለ?
5. ገበሬው ለነቀላ የሚሰጠው ቀን ዋጋ ምን ያህል ነው? እንዳይባክን ጉባኤያችን ምን ሊያደርግ ይችላል?

የተግባር ሥራ

ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት በአቅራቢያችሁ ካለው ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር 100 እርምጃ ያህል ለክታችሁ ዙሩ። በዚያ የምታገኙትን ተክል ሁሉ በስሙ ጻፉ፤ አገር በቀሉንና መጤውን ለዩ። ስሙን የማታውቁት ካለ ዓሣ አጥማጅ ወይም እረኛ ጠይቁ። ዝርዝሩን በስብሰባው ላይ አቅርቡና፣ ከዚያች 100 እርምጃ ውስጥ የትኛውን ክፍል በዚህ ዓመት መመለስ እንደምትችሉ ወስኑ።

የጣና ዳርቻ በአንድ ዘመቻ አልተበላሸም፤ በአንድ ዘመቻም አይመለስም። ነገር ግን ደንገል ሥር ከያዘ በራሱ ይበዛል፤ ዓሣውም በሩ ከተከፈተለት መንገዱን ያውቃል። ከእኛ የሚፈለገው በሩን ከፍቶ መጠበቅ ነው።